ጎረቤት ሳይበተን ፎቅ መሥራት፤ ከናይሮቢ መንደሮች

በስዋሂሊ ቋንቋ «ካምቢ» ማለት ሰፈር ነው። የወታደርም ሆነ የመንገደኛ፣ ለጊዜው የሚታረፍበትን ቦታ ያመለክታል። «ሞቶ» ደግሞ እሳት ነው። ካምቢ ሞቶ፣ ማለትም የእሳት ሰፈር፣ በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ሁሩማ በሚባለው ክፍል የሚገኝ የአንድ ትንሽ መንደር ስም ነው። መንደሩ ይህን ስም ያገኘው እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙት የቆርቆሮና የጣውላ ጎጆዎች በየጊዜው እየተያያዙ ይጋዩ ስለ ነበር ነው። ቃሉ ለእኛ ለወታደሮች እንግዳ አይደለም። በአማርኛችንም ሰፈር የሚለው ስም «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ከአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ብዙዎቹ በአንድ የጦር አለቃ ግቢ ዙሪያ ሠራዊት ድንኳን የተከለባቸው ቦታዎች ነበሩ። ድንኳኑ ጎጆ፣ ጎጆው ቤት፣ ቤቱም ከተማ ሆነ።

የዛሬውን የቤተሰብ ዓምድ ለዚህች የጎረቤት አገር መንደር የሰጠነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጦር ሰፈራችን የቤት ጉዳይ ሳይነሣ የሚጠጣ ቡና እንደሌለ እናውቃለን። ወታደሩ በአገልግሎት ላይ እስካለ ድረስ በተሰጠው ቤት ይኖራል፤ ሲዛወር ይለቃል፤ በጡረታ ሲሰናበት ቁልፉን ያስረክባል። ያን ጊዜ ባለቤቱና ልጆቹ የት ይገባሉ? ከመካከላችን በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር የተደራጁ አሉ፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚጠባበቁ አሉ፤ ነገሩን ለነገ ያሳደሩትም ጥቂቶች አይደሉም። ለሦስቱም ወገን የናይሮቢ ነዋሪዎች ያዩት መልካምና መጥፎ ነገር የሚነግረው አለው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይተን ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ወታደርና ስለ ቤት ከተነሣ ዘንድ ከካምቢ ሞቶ አስቀድሞ ሊጠቀስ የሚገባው ኪቤራ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ እንግሊዞች ከሱዳን የመለመሏቸውን የኑብያ ወታደሮች «ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ» በተባለው የቅኝ ግዛት ጦራቸው ውስጥ አሰልፈው ነበር። እነዚህ ወታደሮች ከናይሮቢ በስተደቡብ ምዕራብ ባለው ደን ከነቤተሰቦቻቸው ሰፈሩ። በቋንቋቸው «ኪብራ» ማለት ደን ነው፤ ኪቤራ የሚለው ስም የመጣውም ከዚያ ነው። በ1918 ከ4,000 ኤከር በላይ የሆነው ይህ መሬት የጦር ይዞታ ተብሎ በሕግ ተከለለ፤ እስከ 1928 ድረስም የሚያስተዳድረው ጦሩ ራሱ ነበር። ዘማቹ አርሶ እንዲበላና ቤት እንዲሠራ የፈቃድ ወረቀት ተሰጠው። የባለቤትነት ወረቀት ግን አልተሰጠውም። መሬቱ የእንግሊዝ ዘውድ መሬት ተባለ፤ ኬንያ በ1963 ነጻ ስትወጣም የመንግሥት መሬት ሆኖ ቀጠለ። አባቱ ለዘውድ ተዋግቶ ያቆመው ቤት በልጁ ጊዜ ሕገ ወጥ ጎጆ ተብሎ ተመዘገበ።

ጎበዝ ወታደሮች ነበሩ። የዚሁ ጦር ክፍሎች በ1941 በእኛው ምድር ከፋሺስት ኢጣሊያ ጋር ተዋግተዋል። ይሁን እንጂ ጀግንነታቸው በመዝገብ ቤት ፊት የወረቀት ያህል እንኳ አልቆመላቸውም። የኬንያ መንግሥት ለኑብያውያኑ ማኅበረሰብ የጋራ የባለቤትነት ማረጋገጫ የሰጠው በሰኔ ወር 2017 ሲሆን፣ ስፋቱም 288 ኤከር ነው። ከ1918 ጀምሮ ሲቆጠር 99 ዓመት መሆኑ ነው። በመካከሉ ኪቤራ በአፍሪካ ስማቸው ከገነነ የጎስቋላ መንደሮች አንዱ ሆኖ፣ በጎጆ ባለቤትና በተከራይ፣ በነባርና በመጤ መካከል የማያልቅ ክርክር የሚካሄድበት ቦታ ሆነ። ስንት ሰው እንደሚኖርበት እንኳ በውል አይታወቅም ነበር። ለብዙ ዘመን አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ይኖርበታል ሲባል ቆይቶ፣ በ2009 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የተገኘው ቁጥር 170,070 ነው። ያልተቆጠረ ሰው ወይ እጅግ ይበዛል፣ ወይ ከነጭራሹ አይኖርም፤ ለሁለቱም ቢሆን ቤት ሊሠራለት አይችልም።

ናይሮቢ ራሷ በአንድ ረገድ የካምፕ ልጅ ናት። በ1899 ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይዘረጋ በነበረው የምድር ባቡር መሥመር ላይ የዕቃ ማከማቻና የሠራተኛ ማረፊያ ሆና ተቆረቆረች። በቅኝ ገዢዎች አስተያየት አፍሪካዊው ሠራተኛ ለጊዜው የመጣ ጉልበት እንጂ የከተማ ነዋሪ አልነበረም። ስለሆነም የሚሰጠው ቤት ሳይሆን የአልጋ ቦታ ነበር፤ ሚስቱና ልጆቹ በአገር ቤት ይቆያሉ ተብሎ ይታሰባል። በሌላ አነጋገር በከተማዪቱ ፕላን ላይ ሚስት የምትባል ሰው አልነበረችም። በአንድ ክፍል ውስጥ ምግብ ለማብሰል፣ ልጅ ለማጠብና እንግዳ ለመቀበል የሚታገሉ እናቶች የችግራቸውን አንዱን ሥር የሚያገኙት እዚህ ላይ ነው።

ከነጻነት በኋላ ልዩ ልዩ ዘዴዎች ተሞክረዋል። በ1975 በዓለም ባንክ ርዳታ የተጀመረው የዳንዶራ ፕሮጀክት ወደ 6,000 የሚደርስ ቦታ ከውሃና ከፍሳሽ መሥመር ጋር አዘጋጅቶ፣ ነዋሪው ቀሪውን በአቅሙ እንዲሠራ አደረገ። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ዳሩ ግን ከተማው ሲሰፋና ኪራይ ሲወደድ ብዙ ቦታዎች ላይ ፎቅ በፎቅ ተደራርቦ፣ በየክፍሉ አንድ አንድ ቤተሰብ የሚከራየው ሕንፃ በቀለ። ዛሬ በሁሩማና ፓይፕላይን በሚባለው ሰፈር ስድስት፣ ሰባት፣ ከዚያም በላይ ፎቅ ያላቸው፣ አሳንሰር የሌላቸው፣ ፀሐይ የማይገባባቸው ኮሪደሮች ያሏቸው የኪራይ ሕንፃዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ባለቤቱ ሌላ ቦታ ይኖራል። ነዋሪው ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። ይህም እንግዲህ አፓርታማ ይባላል።

በሚያዝያ 29 ቀን 2016 በዚያው በሁሩማ ከከባድ ዝናብ በኋላ በወንዝ ዳር የቆመ ባለስድስት ፎቅ የኪራይ ሕንፃ ተደረመሰና ሃምሳ ያህል ሰዎች አለቁ። ቀድሞውኑ እንዲፈርስ ምልክት ተደርጎበት የነበረ ሕንፃ ነው። ከሦስት ቀናት በላይ ከቆየ ፍለጋ በኋላ አንዲት ሕፃን ከፍርስራሹ በሕይወት ወጣች፤ ወሬው ዓለምን አዳርሷል። ምልክቱን አይቶ ዝም ያለው ማን እንደሆነ ግን የሕፃኗን ያህል አልተወራም።

አሁን ወደ ካምቢ ሞቶ እንመለስ። ከዚህ አደጋ አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ከሁሩማ ፎቆች ሥር ያሉት የካምቢ ሞቶ ጎጆ ነዋሪዎች ሌላ መንገድ ጀምረው ነበር። መነሻቸው ገንዘብ ማጠራቀም ነው። በ1996 የኬንያ የጎስቋላ መንደር ነዋሪዎች መፈናቀልን ለመከላከል «ሙዑንጋኖ ዋ ዋናቪጂጂ»፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ የመንደርተኞች ኅብረት፣ የተባለ ማኅበር መሥርተው ነበር። በካምቢ ሞቶም የማኅበሩ አባላት ጥቂት ሽልንግ ማጠራቀም ጀመሩ። ኬንያውያን «ቻማ» የሚሉት የቁጠባ ማኅበር ከእኛ እቁብ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ የተጠራቀመው ገንዘብ ለየተራው የሚበላ ሳይሆን ለቤት የሚጠበቅ መሆኑ ነበር። በዚህ ሥራ ሴቶቹ ከፊት ነበሩ፤ ገንዘቡን የሚሰበስቡት፣ በደብተር የሚያሰፍሩት፣ ማን እንደታመመና የማን ገቢ እንደቆመ ከማንም ቀድመው የሚያውቁትም እነሱው ናቸው። የባንክ ሠራተኛ በወር አንድ ጊዜ የሚጠይቀውን፣ ጎረቤት በየማለዳው ያየዋል።

ሁለተኛው እርምጃ ቆጠራ ነበር። በ2001 ነዋሪዎቹ ራሳቸው፣ «ፓሞጃ ትረስት» የተባለው አገር በቀል ድርጅትና የከተማው ምክር ቤት ተባብረው በሁሩማ ያሉትን ጎስቋላ መንደሮች ቤት ለቤት ቆጠሩ። እያንዳንዱ በር ቁጥር ተሰጠው፤ ውስጡ ያለው ሰው ተመዘገበ፤ ስፋቱ ተለካ። እዚህ ላይ ነው እሾሁ ጥያቄ የወጣው። በአንድ መንደር ውስጥ አንዱ አሥር ጎጆ ሠርቶ ያከራያል፤ ሌላው በአንዷ ጎጆ ውስጥ ለዓመታት ኪራይ ይከፍላል። አዲስ ቤት ሲሠራ የሚገባው ለማን ነው? ባለጎጆው «ጣውላውን የገዛሁት እኔ ነኝ» ቢል እውነት አለው፤ ተከራዩም «መሬቱ የመንግሥት ሆኖ ሳለ ኪራይ የከፈልኩት በምን ሕግ ነው?» ቢል እውነት አለው። በብዙ የናይሮቢ መንደሮች ሥራውን ያስቆመው፣ አልፎም ወደ ፍርድ ቤት ያደረሰው ይህ ጠብ ነው።

የካምቢ ሞቶ ሰዎች ከረጅም ስብሰባ በኋላ የደረሱበት ስምምነት አጭር ነው፤ ባለጎጆም ይሁን ተከራይ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት። ብዙ ጎጆ የነበረው ሰው የኪራይ ገቢውን አጣ፤ በምትኩ ማንም የማያባርረው አንድ ቤት አገኘ። ይህን መስዋዕትነት በቀላሉ የከፈሉት አይምሰለን። ከሥራው ሁሉ ከባዱ የድንጋይና የሲሚንቶው ሳይሆን ይህ ይመስለናል፤ ሲሚንቶ በገንዘብ ይገኛል። በ2003 የከተማው ምክር ቤት መሬቱ ለነዋሪዎቹ እንዲሆን ከማኅበሩ ጋር የስምምነት ሰነድ ተፈራረመ። ልብ እንበል፤ ወረቀቱ የመጣው ከግንባታው በፊት ነው። ኪቤራ የጎደለው ይኸው ነበር።

ቀጥሎ ፕላን ወጣ። ፕላን አንብቦ የማያውቅ ሰው በወረቀት ላይ ያለ መሥመር ምኑም አይደለም። ስለዚህ ባለሙያዎቹና ነዋሪዎቹ የቤቱን ትክክለኛ መጠን በእንጨትና በጨርቅ አቆሙት። እናቶች ወደ ውስጥ ገቡ፤ አልጋውን በሐሳባቸው ዘረጉ፤ ምድጃውን አስቀመጡ፤ በሩ የት ቢሆን ልጅ ሲጫወት ይታያል የሚለውን ተከራከሩ። የጨርቅ ግድግዳ ለማንሣት መዶሻ አያስፈልግም። በእኛ አገር ከርክክብ በኋላ ግድግዳ ሲያፈርስ ያልታየ የቤት ባለቤት ስንት ነው?

የተስማሙበት ቤት የመሬት ስፋቱ በግምት 4.5 ሜትር በ4.5 ሜትር፣ ማለትም 20 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ወደ ላይ ያድጋል። ቤተሰቡ በመጀመሪያ ምድር ቤቱን ይይዛል፤ ገንዘብ ሲያገኝ አንደኛ ፎቅ፣ ከዚያም ሁለተኛ ፎቅ ይጨምራል። ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የጋራ ስለሆነ ብሎኬት ይቆጥባል። ጎጆ የነበራቸው 270 ያህል ቤተሰቦች በዚያው በነበሩበት መሬት ላይ እንዲቀሩ ያስቻለው ይህ አሠራር ነው። ሁሉንም ጎን ለጎን በምድር ላይ እናስፍር ቢባል ኖሮ ግማሹ ሕዝብ ወደ ሌላ ቦታ መሄዱ አይቀርም ነበር።

ፎቁን ለማልበስ የተጠቀሙበት ዘዴም ሊነገር ይገባዋል። ሶሌታ በአንድ ጊዜ ለመሙላት ብዙ ፌሮ፣ ብዙ የእንጨት መደገፊያና ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። የካምቢ ሞቶ ሰዎች ግን «ላዲ» የሚባል ስስ የሲሚንቶ ሰሌዳ በመሬት ላይ እያዘጋጁ፣ ሲደርቅ በወራጆች ላይ በተርታ ይደረድሩታል። ሰሌዳውን ሁለት ሰው ያነሣዋል። ላዲን ያስተዋወቁት በሕንድ፣ በቦምቤይ ከተማ የእግረኛ መንገድ ላይ ይኖሩ የነበሩ ሴቶች ናቸው፤ በ1986 «ማሂላ ሚላን» የተባለ የሴቶች የቁጠባ ማኅበር መሥርተው ነበር። ጥበቡ ከእነዚህ ሴቶች ወደ ናይሮቢ የተሻገረው በድሆቹ ማኅበራት ጉብኝት እንጂ በዩኒቨርሲቲ ትምህርት አልነበረም። ነዋሪዎቹ በጉልበታቸው አሸዋ አቡክተዋል፤ ድንጋይ ተሸክመዋል። ሥራው የሄደው በዙር ነው። ጥቂት ጎጆዎች ሲፈርሱ ባለቤቶቻቸው እዚያው አጠገብ ይጠለላሉ፤ ቤቱ ሲያልቅ ይገባሉ፤ ቀጣዮቹ ይፈርሳሉ። ልጅ ትምህርት ቤት አልቀየረም፤ ጉልት ሻጭዋም ደንበኛ አላጣችም።

ሁሉም ነገር እንደ ጽጌረዳ አልፈካም። በዙር መሥራት አዝጋሚ ነው፤ የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ደግሞ ተራ የሚጠብቅን ሰው አይጠብቅም። የቁጠባውን ብድር በወቅቱ መክፈል ያቃተው ቤተሰብ ነበር። ሁለተኛ ፎቁን ሳይጨርስ ለዓመታት የቆየም አለ። የሆነው ሆኖ የእሳት ሰፈር የሚባለው መንደር ዛሬ በእሳት የማይጋይ ግድግዳ አለው።

በኪቤራ የተሄደበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። የኬንያ መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚያው በናይሮቢ ነው፣ በጎስቋላ መንደሮች ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት ሶዌቶ ምሥራቅ የተባለውን የኪቤራ ክፍል በአፓርታማ ለመተካት ተነሡ። በመስከረም 2009 የአካባቢው ነዋሪዎች ላንጋታ አጠገብ ወደ ተሠሩ 600 ጊዜያዊ ቤቶች ተዛወሩ። ሦስት ክፍል ያለው ቤት ለሦስት ቤተሰብ ተከፍሎ፣ ወጥ ቤቱና መጸዳጃው የጋራ ሆነ። አዲሶቹ 822 ቤቶች ለባለዕድሎቹ የተላለፉት በሐምሌ 2016 ነው። «ጊዜያዊ» የተባለው ማረፊያ ወደ ሰባት ዓመት ተጠጋ ማለት ነው። ወታደር ጊዜያዊ የሚባል ነገር ስንት ዓመት እንደሚቆይ ስለሚያውቅ አይደነቅም።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ያህል፣ እነዚህ ቤቶች ውስጥ የገባ ቤተሰብ በቤቱ ውሃ፣ መብራትና መጸዳጃ አግኝቷል፤ ሌሊት ልጇን ይዛ ወደ ጋራ ሽንት ቤት ትወጣ ለነበረች እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም ቤቱ በዕጣ ስለ ተደለደለ ጎረቤት ከጎረቤቱ ተለያየ። በጎጆዋ ደጃፍ ማንዳዚ ጠብሳ ትሸጥ የነበረች ሴት አራተኛ ፎቅ ሲደርሳት የሚያልፍ ገዢ የላትም። የወር ክፍያው የከበዳቸው፣ ክፍላቸውን ለሌላ አከራይተው ራሳቸው ወደ ጎጆ የተመለሱ ታይተዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ሰነፍና ምስጋና ቢስ አድርጎ ማየት ቀላል ነው። እኛ ግን ሒሳቡን ያላሰበው ቤቱን የነደፈው ሰው ነው እንላለን።

ይህ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1997 ገደማ የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ከመቶ ሺህ በላይ ቤተሰቦችን የቤት ባለቤት አድርጓል። ነዳፊዎቹ አንድ መልካም ነገር አስበው ነበር፤ በየሕንፃዎቹ መካከል እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት ሠርተዋል። በርበሬ ሲቀቀልና ዶሮ ሲገነጠል የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው እንደመከራቸው ያስታውቃል። ዕጣው ግን አንዱን ጎረቤት ጀሞ፣ ሌላውን የካ አባዶ ጣለው፤ የሠላሳ ዓመት እድር በአንድ የዕጣ ቀን ተበተነ። አዲስ እድር እስኪቋቋም ድረስ ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ ድንኳን ከድሮ ሰፈሩ ያስመጣ ነበር።

ስለ ቤቱ ጤንነትም አንድ ሁለት ነገር እንጨምር፤ ምክንያቱም ቤት ሲመረጥ ሁሉም የሚያየው ቀለሙንና የወለሉን ንጣፍ ነው። ናይሮቢ እንደ ደጋማ ከተሞቻችን ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ስሟም በማሳይ ቋንቋ ከቀዝቃዛ ውሃ የመጣ ነው። በእንዲህ ያለ አየር በሁለት ወገን መስኮት ያለው ቤት ያለ ምንም መሣሪያ ይተነፍሳል። በአንድ ወገን ብቻ ተከፍቶ በስተጀርባው ጨለማ ኮሪደር ያለው ቤት ግን የምድጃ ጢስና የልጅ ሳል ያከማቻል። ውሃው በተራ በሚለቀቅበት ከተማ ሮቶ በጣሪያ ላይ ይሰቀላል፤ ስለዚህ ጣሪያው ያንን ሸክም ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቃል። ደረጃው ሬሳ ሣጥንና አልጋ የሚያዞር መሆኑም ይታያል። ሳቅ ያሰኛል፤ ነገር ግን ሁለቱም ከቤት መውጣታቸው አይቀርም።

በናይሮቢ ጉዳዩ አሁንም ትኩስ ነው። ከተማው በ2017 ሙኩሩ የሚባለውን፣ ከ100,000 በላይ ቤተሰብ የሚኖርበትን መንደር የልዩ ፕላን ክልል ብሎ ሰይሞ፣ ነዋሪው በቡድን በቡድን ሆኖ በፕላኑ ላይ እንዲመክር አደረገ። በ2020 የከተማዪቱን አገልግሎት እንዲመራ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት በአንድ ሜጀር ጄኔራል የሚመራ ነበርና፣ በነዋሪዎቹ ፕላን መሠረት መንገድ፣ ውሃና የፍሳሽ ቱቦ መዘርጋት ተጀመረ። በ2024 የወጣው ሕግ ደግሞ ከእያንዳንዱ ደመወዝተኛ 1.5 በመቶ፣ ከአሠሪውም ያንኑ ያህል ለቤት ግንባታ እንዲቀነስ አዟል። በዚያው በሙኩሩ ከ13,000 በላይ ቤቶች እንዲሠሩ ታቅዶ፣ የመጀመሪያዎቹ 1,080 በግንቦት 2025 ለነዋሪዎች ተላለፉ። ከየደመወዙ የሚቆረጥበት ሰው «ለእኔ መቼ ይደርሰኛል?» ብሎ መጠየቁ አልቀረም፤ የጎጆው ነዋሪም «እዚሁ እኖር የነበርኩት እኔ ልቅደም» ይላል። ካምቢ ሞቶ በስብሰባ የፈታው ጥያቄ አሁን በአገር ደረጃ ተነሥቷል።

በማኅበር ለተደራጁት ባልደረቦቻችን የሚሆን አንድ ተግባራዊ ነገር ከዚህ ወስደናል። የማኅበራችሁ ፕላን ከመጽደቁ በፊት የወጥ ቤቱንና የመኝታ ክፍሉን ልክ ጽፋችሁ ወደ ዝግጅት ክፍላችን አምጡ። ገመድ፣ ችካልና ኖራ እናዘጋጃለን፤ በስፖርት ሜዳው ላይ በእውነተኛ መጠኑ እንዘረጋዋለን። ለጊዜው አራት ሜትር ተኩልን በአራት ሜትር ተኩል አሥምረነዋል። ባሎች ከጎን ቆመው ይመልከቱ፤ እናቶች ግን ምጣዳቸውንና የልጆቹን ፍራሽ ይዘው ይግቡበት።